ለጣና ልትዘፍን ለተነሣኸው ልጄ

ልጄ፣ ለጣና በሚዘጋጀው ኮንሰርት ላይ እንድትዘፍን፣ ከዚያም የሐይቁ አምባሳደር ተብለህ እንድትጠራ እንደ ጠየቁህ እናትህ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ድምፅ ይዘህ ለጣና ካልዘፈንህበት ለማን ልትዘፍንበት ነው? ብቻ ውሉን ከመፈረምህ በፊት የማስበውን በተራ በተራ ጽፌልሃለሁ። አንዳንዱ ይረዝማል፤ ታግሠህ አንብበው። በዚህ ሐይቅ ዳር ብዙ ባለዝና መጥቶ ብዙ ቃል ገብቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ቃሉ መጠበቅ አለመጠበቁን የሚያውቀው እዚሁ የቀረው ሰው ነው፤ አንተ ደግሞ የዚህ አገር ልጅ ስለሆንህ ከዚያ ሰው ዓይን የምትሸሸግበት ቦታ የለህም።

1. መጀመሪያ እምቦጩ ያለበትን ዳር ሄደህ እይ።

ጣናን የምታውቀው ከባሕር ዳር በኩል ነው፤ ከዛፎቹ ጥላ፣ ከዓሣ ቤቶቹ፣ ወደ ዘጌ ከሚሄዱት ጀልባዎች። ስለ እምቦጭ አረም ልትዘፍን ከሆነ ይህ አይበቃህም። ዋናው ወረራ ያለው በወዲያኛው፣ በሰሜንና በምሥራቅ ዳር ነው፦ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከም፣ በፎገራ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እየነቀለ፣ ያወጣውን በቃሬዛ ወደ ዳር እያጋዘ እነሆ ስንት ዓመቱ። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተንጣሎ ጥልቀቱ 15 ሜትር አይሞላም። ዳር ዳሩ ደግሞ ከዚያም የሳሳ ነው፤ ዓሣው የሚራባው፣ ከብቱ የሚጠጣው፣ አረሙም የሚተኛው እዚያው ላይ ነው።

ካሜራ ሳትይዝ ሂድ። አንድ ቀን አብረሃቸው ንቀል። ማታ ወገብህን እያመመህ የምትጠይቃቸው ጥያቄ በሆቴል አዳራሽ ከምትጠይቀው ይለያል። በእርግጥ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ጦርነት መንገዱን ሁሉ አክብዶታል፤ ቀኑንና መንገዱን የአካባቢው ሰው ይምረጥልህ። እነሱ ና ካላሉህ አትሂድ።

2. የአጅባርን ታሪክ እወቅ።

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ስለ ረሃቡ ከቆረም የላከው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። ቦብ ጌልዶፍ የሚባለው የአየርላንድ ዘፋኝ የሙያ ጓደኞቹን ሰብስቦ ባንድ ኤይድ በሚል ስም ዘፈን አስቀረፀ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ቀን ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ተደረገ። ፊል ኮሊንስ ለንደን ላይ ዘፍኖ፣ ኮንኮርድ በሚባለው ከድምፅ በሚፈጥን አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ፣ በዚያው ቀን ፊላደልፊያ ላይ ደገመ። የዚያን ጊዜ ሰው ይህን እንደ ተአምር አወራው። ኮንኮርድ ነዳጅ እጅግ የሚፈጅ የመንገደኛ አውሮፕላን ነበር፤ በረሃብ ለሚያልቅ ሕዝብ የአንድ ዘፋኝ በሁለት አህጉር መታየት ምን እንደሚጠቅመው ግን የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው።

እውነቱን እንናገር። ከተሰበሰበው ገንዘብ እህል ተገዝቶበታል፣ መኪና ተገዝቶበታል፤ በዚያ የተረፈ ነፍስ አለ። ይህን መካድ ነውር ነው። ቢሆንም የዘፈኑ ግጥም አገራችንን ዝናብ የማይጥልባት፣ ወንዝ የማይፈስባት አድርጎ ለዓለም ሕፃናት ሁሉ አስተማረ። ያን ጊዜም ዓባይ ከጣና ወጥቶ በባሕር ዳር ድልድይ ሥር ያልፍ ነበር። የኮንኮርዱ ጭስ ከተበተነ አርባ ዓመት ሆኖታል፤ ያ ሥዕል ግን ዛሬም ውጭ አገር የሄዱ ልጆቻችንን እየተከተለ ያሳፍራቸዋል። አንተም ስለ ጣና ስትዘፍን ሐይቁን የሞተ አድርገህ አትሳለው። ጣና ታሟል፤ አልሞተም።

ከላይቭ ኤይድ መድረክ ዘፋኞች አንዱ የዩቱ ባንድ ድምፃዊ ቦኖ ነበር። ከኮንሰርቱ በኋላ በዚያው የፈረንጅ ዓመት ከባለቤቱ ጋር ወደ ወሎ መጣ። አጅባር ላይ፣ በረሃብ የተጎዱ በተጠለሉበት ቦታ አንድ ወር ያህል ሠራ። ሁለቱ እዚያ ከሠሩት አንዱ ለሕፃናት ስለ ጤናና ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩ ዘፈኖችንና አጫጭር ድራማዎችን ማዘጋጀት ነበር። የዓለም ዝነኛ ዘፋኝ ወሎ ተራራ ላይ ተቀምጦ ልጆች ንጽሕናቸውን እንዲጠብቁ ዘፈን ሲያወጣ አስበው! ይህን ሳስብ ለሰውየው ያለኝ አክብሮት እስከ ዛሬ አልቀነሰም።

እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 ያው ባንድ 360 በተባለው ጉዞው 110 ኮንሰርቶች አቀረበ። መድረኩ ቁመቱ 50 ሜትር የሚደርስ፣ አራት እግር ያለው የብረት ግንብ ነበር። አንዱን ለመትከልና ለመንቀል ቀናት ስለሚወስድ ሦስት ግንብ ተሠራ፤ በአንዱ ሲዘፈን ሁለተኛው በሌላ ከተማ ይተከላል፣ ሦስተኛው ይነቀላል። ብረቱን የሚያጓጉዙት ከባድ መኪኖች ከመቶ በላይ ነበሩ። ዴቪድ በርን የተባለው ሙዚቀኛ ይህ ብክነት ነው ብሎ በአደባባይ ተቸ፤ ባንዱም ያወጣነውን ጭስ በሌላ ቦታ በሚሠራ ሥራ እናካክሳለን ብሎ መለሰ።

ስለ አፍሪካ ድህነት ከፕሬዚዳንቶች ጋር የሚሟገተው ሰውና በዚያ የብረት ግንብ ሥር የሚዘፍነው ሰው አንድ ነው። አንዳንዱ ግንቡን አይቶ አጅባርን ውሸት ያደርገዋል፤ ሌላው አጅባርን አይቶ ግንቡን ይምራል። እኔ ሁለቱንም አላደርግም። አጅባር ጥሩ ሥራ ነበር፤ ግንቡ መጥፎ ሥራ ነበር። መልካም ሥራህን የክፉ ሥራህ መክፈያ አድርገህ መቁጠር ስትጀምር ነው ሰው ግብዝ የሚልህ፤ ያን ጊዜም ልክ ይሆናል።

3. ከጭሱ ሁሉ የሚበዛው የተመልካቹ መንገድ ነው።

ሰው ዘፋኙ በምን እንደ መጣ ያያል። ዘፋኙ አንድ ነው። ብዙውን ጊዜ የኮንሰርትን ልቀት አስበው ያወጡ ሰዎች የሚያገኙት ትልቁ ድርሻ ተመልካቹ መጥቶ እስኪመለስ የሚያወጣው ነው። እንግሊዝ አገር ማሲቭ አታክ የሚባለው ባንድ ይህን ለማስጠናት ለአየር ንብረት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 አደራ ሰጠ። ጥናቱ ከወጣ በኋላ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በትውልድ ከተማው በብሪስቶል በባትሪ ኃይል የሚሠራ ትልቅ ኮንሰርት አደረገ። እኔን የማረከኝ ግን ባትሪው አይደለም፤ ትኬቱ ቀድሞ ለአካባቢው ነዋሪ መሸጡ ነው። አቅራቢያ ያለው ሰው ቀድሞ ከገባ፣ ከሩቅ የሚመጣው መኪና ያንሳል። ይህ ብልሃት ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ ባሕር ዳርም ላይ ይሠራል።

የእኛን እናስላው። የድምፅ መሣሪያው፣ መብራቱና መድረኩ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ይመጣል፤ 500 ኪሎ ሜትር ያህል መሄጃ፣ ያንኑ ያህል መመለሻ። ባንዱና አዘጋጁ በአውሮፕላን። ተመልካቹ ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስና በሚኒባስ፤ ከከተማው በባጃጅና በእግር። ቴዲ አፍሮ በጥር 2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ሲዘፍን ከየአቅጣጫው የጎረፈውን ሕዝብ ታስታውሳለህ። ስታስታውስ ደግሞ ይህን ልብ በል፦ ጊዜው የጥምቀት ሰሞን ነበር። በዚያ ሰሞን ሰው ለበዓሉ ብሎ ከየቦታው ይንቀሳቀሳል፤ ዘመድ ጥየቃም ይመጣል። ኮንሰርት ሰው በራሱ ምክንያት በሚሰበሰብበት ጊዜ ከተደረገ፣ ለኮንሰርቱ ብቻ ተብሎ የሚነሣው መኪና ይቀንሳል።

ስለዚህ አዘጋጆቹን ቀን ሲመርጡ አግዛቸው። አንድ ምሽት ብቻ ዘፍነህ መሣሪያው ባዶ መንገድ ከሚመለስ፣ በአንድ ጉዞ ባሕር ዳርንና ጎንደርን አከታትል። መድረኩን የባሕር ዳር አናጢ በባሕር ዛፍ አጣና ይሥራው፤ እዚሁ ተሠርቶ እዚሁ ለሌላ ሥራ ይውላል። ከአዲስ አበባ ብረት ጭኖ የሚመጣ መኪናም ይቀራል።

አያቶችህ የሚያውቁት አዝማሪ ማሲንቆውን በትከሻው አንግቶ ከመንደር መንደር በእግሩ ይዞር ነበር። ወደዚያ ተመለስ አልልህም፤ መድረክህ ትልቅ ነው፣ ሰውም ሊሰማህ ይገባል። ግን አንድ ድምፅ ወደ ሕዝብ የሚደርሰው ሕዝቡ ሁሉ ወደ እሱ ሲጓዝ ብቻ አለመሆኑን ከአዝማሪው ተማር።

4. ስለ ጀነሬተሩ ጠይቅ።

የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከዘጠና በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የበለስ ጣቢያ የሚሠራው ከጣና ተጠልፎ በዋሻ በሚወሰድ ውሃ ነው። ከጨረጨራ ግድብ፣ ከጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለትና ከበለስ በኋላ ጢስ እሳት ፏፏቴ የቀድሞ ኃይሉን ማጣቱን የቱሪስት አስጎብኚዎቹን ጠይቅ። መድረክህ የሚበራበትም መብራት ከፊሉ ከዚህ ሐይቅ የተወሰደ ነው ማለት ነው። ይህ ሆኖ ሳለ ኮንሰርት ሲዘጋጅ መብራት ቢጠፋስ ተብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በናፍጣ ጀነሬተር ይነዳል። ጀነሬተሩ ለክፉ ቀን ይቀመጥ፤ ዋናው ኃይል ከመስመሩ ይሁን። ይህን ቀደም ብሎ ከመብራት ኃይል ጋር መነጋገር የአዘጋጁ ሥራ ነው፤ አንተ በውልህ ውስጥ አስገባው።

5. ከሁሉ በላይ ስለ ሽንት ቤቱና ስለ ቆሻሻው አትለፍ።

ይህን ተራ ነገር አድርገህ እንዳታየው፤ እኔ ከምመክርህ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

እምቦጭ በባዶ ውሃ አይፋፋም። የሚበላው ከእርሻው ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ነው፤ ከከተማው የሚወጣው ፍሳሽም ነው። ሐይቁ ውስጥ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ በበዛ ቁጥር አረሙ ይፋፋል። አሁን አስበው፦ በአስር ሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ከቀትር እስከ ሌሊት ቆሞ ይውላል፤ ይጠጣል፤ መጸዳጃ ይፈልጋል። በቂ ሽንት ቤት ከሌለ አጥር ሥር፣ ቦይ ዳር ይሸናል። ቦዩ ሲዘንብ ወዴት እንደሚሄድ የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንህ ታውቃለህ፤ ወይ ወደ ዓባይ ወይ ወደ ሐይቁ። ስለ እምቦጭ ሊዘፍኑ የተሰበሰቡ ሰዎች ለእምቦጩ ምግብ ጥለው ይሄዳሉ። ከአውሮፕላኑ ጭስ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጭሱን ከዓለም ጋር እንካፈለዋለን፤ ይህ ግን ከእኛ ወጥቶ የሚገባው እዚሁ ውሃችን ውስጥ ነው።

እንግዲህ ውሉ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ ለስንት ሰው ስንት ሽንት ቤት፤ ፍሳሹን የሚያነሣው ቦቴ ማን እንደሆነ፤ አንሥቶ የት እንደሚደፋ። የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቦቴ መጥቶ ወስዶ ወንዝ ዳር ከደፋው ምኑን ጠቀመ?

ሃይላንዱም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ሁለት ሃይላንድ ቢጠጣ የስታዲየሙ ወለል በማግስቱ ምን እንደሚመስል አይተሃል። ባዶውን ሃይላንድ የሚለቅሙ ልጆችና ሴቶች ከተማችን ውስጥ አሉ፤ በኪሎ ይሸጡታል። አዘጋጁ አስቀድሞ ከእነሱ ማኅበር ጋር ይዋዋል፤ ዋጋቸውን በማግስቱ ይክፈላቸው፤ ሲገቡ እንደ ሌባ አይፈተሹ። ከዚያ የተሻለው ደግሞ የቧንቧ ውሃ በሮቶ አቁሞ ሰው ኮዳውን ይዞ እንዲመጣ መንገር ነው። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ለጣና በተዘጋጀ ኮንሰርት በር ላይ ቲሸርት በፌስታል ተጠቅልሎ ሲሸጥ እንዳይታይ።

ሐይቁ ዳር ላይም አትዝፈን። ምስሉ እንደሚያምር አውቃለሁ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬው በሌሊት ወጥቶ ይግጣል፤ ወፉ ደንገሉ ውስጥ ያድራል። ያን ያህል ድምፅና ያን ያህል መብራት ከእነሱ አርቀህ ከተማ ውስጥ አድርገው።

6. የአንድ ቀን ዘመቻ ሲጠሩህ ሁለተኛውን ቀን ጠይቅ።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት እምቦጩን ለማስወገድ የአንድ ወር ዘመቻ ጠርቶ ብዙ ሕዝብ ወጣ። ጥሩ ነበር። ከዚያ በፊትም በኋላም ታዋቂ ሰዎች መጥተው ነቅለዋል፤ ቦት ጫማ አድርገው፣ አረሙን ከፍ አድርገው ይዘው ፎቶ ተነሥተዋል። ክፋት የለበትም። ግን የአረሙን ጠባይ እወቅ፦ በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት አካባቢ እጥፍ ይሆናል። ተቆርጦ ውሃው ላይ የቀረው ቁራጭ እንደገና ይበቅላል፤ ጭቃው ውስጥ የወደቀው ዘር ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ዳር ላይ ተከምሮ የተተወው በሚቀጥለው ክረምት ውሃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ የነቀልኸው ተጓጉዞ፣ ደርቆ፣ ተቃጥሎ ወይም ጉድጓድ ገብቶ ካላለቀ ነቅለሃል አይባልም።

ችግኝም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ፤ በዚያ ቀን ያልተከለ ዝነኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። እኔ ማንንም አልወቅስም። አንተን ግን የምጠይቅህ፣ የተከልኸውን ችግኝ በመጋቢት ድርቅ ማን እንዳጠጣልህ ነው። ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከተራቆተ ኮረብታ አፈር ይዘው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ፤ በእነሱ ዳር የጸደቀ አንድ ዛፍ ለጣና ትልቅ ነገር ነው። ሃያ ችግኝ ተክለህ ሃያውንም አሳድግ፤ ከሺህ ይሻለኛል።

7. ገንዘብ የሚሰጥህን ሰው እጅ እይ።

ኮልድፕሌይ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አልበም አውጥቶ፣ አካባቢን የማይጎዳ መንገድ እስክናገኝ ድረስ ዓለምን አንዞርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 መዞር ከመጀመሩ በፊት ልቀቱን በግማሽ ለመቀነስ ቃል ገባ፤ ሰው ሲዘልበት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ወለልና ፔዳሉ ሲዞር ባትሪ የሚሞላ ብስክሌት ይዞ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2024፣ እ.ኤ.አ. ከ2016ቱና ከ2017ቱ ጉዞ ጋር ሲተያይ በአንድ ኮንሰርት 59 በመቶ ቀንሰናል ብሎ ቁጥሩን አወጣ። ቁጥርን አስቀድሞ መናገር፣ በኋላም መልሶ ለሕዝብ ማሳየት ከዘፋኝ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ጨዋነት ነው። ይሁን እንጂ ያው ባንድ ከኔስቴ፣ ከፊንላንዱ ነዳጅ አጣሪ ጋር በመተባበሩ የአካባቢ ተሟጋቾች፣ ኩባንያው በእናንተ ስም ራሱን እያጠበ ነው ብለው ወቀሱት። ሁለቱንም ውሰድ፤ ቁጥርህን አውጣ፣ ስፖንሰርህን መርምር።

የውሃ ጠርሙስ የሚያመርት ድርጅት ለጣና ኮንሰርት ስፖንሰር ልሁን ቢል፣ ባዶውን ጠርሙስ እሰበስባለሁ ብሎ ይፈርም። ሐይቅ ዳር ሆቴል ያለው ሰው ገንዘብ ቢሰጥ፣ የሆቴሉ ፍሳሽ የት እንደሚገባ አክብረህ ጠይቀው። መልስ ካልሰጠህ ገንዘቡ ይቅርብህ።

8. ሌላውን ግብዝ ለማለት አትቸኩል፤ አንተንም ሲሉህ አትደንግጥ።

ሰኔ 30 ቀን 1999 ዓ.ም. የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር የተነሣሡበት ላይቭ ኧርዝ የሚባል ኮንሰርት በየአህጉሩ ተደረገ፤ ዓላማው ስለ ዓለም ሙቀት ማስተማር ነበር። አርክቲክ መንኪስ የተባለው ባንድ ወጣቶች ለመድረክ መብራት ብቻ አሥር ቤት የሚያበራ ኃይል እየፈጀን ይህን መስበክ ግብዝነት ነው ብለው ተናገሩ። ሐቀኞች ናቸው። ግን ሁሉም እንደ እነሱ ዝም ቢል ማን ይናገራል? ንጹሕ የሆነ ብቻ ይናገር ከተባለ፣ ስለ ጣና የሚናገር ሰው አይገኝም። ግብዝ የሚለው ስድብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንተ እንድትሻሻል ሳይሆን ዝም እንድትል ከሚፈልግ ሰው ነው። ለይተህ ስማ። ስህተትህን በዝርዝር የሚነግርህ ወዳጅህ ነው፤ ስምህን ብቻ የሚያጠፋ ሰው ምንም አልነገረህም።

ሚዛንም ያዝ። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት ከነዳጅ የሚያወጣው ካርቦን ሲካፈል ሩብ ቶን አይደርስም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደርሶ መልስ የሚበር አንድ መንገደኛ ድርሻው ከአንድ ቶን በላይ ነው። ሙቀቱን ያመጣው የፎገራ ሩዝ አምራች አይደለም፤ ሰሜን አሜሪካ ድረስ ለዳያስፖራ የምትዘፍን አንተ ግን በአንድ ጉዞ ከብዙ ገበሬዎች ዓመት ትበልጣለህ። በየዓመቱ እዚያ ኢትዮጵያውያን ለስፖርት በዓል ሲሰበሰቡ ይጠሩሃል፤ ሂድ፣ የአገር ናፍቆት አለባቸውና ዘፍንላቸው። አንዴ ከሄድህ ግን ከተማዎቹን በአንድ ጊዜ አዳርስ፤ ለእያንዳንዷ ምሽት ውቅያኖስ አታቋርጥ።

9. ሒሳቡን አሳይ።

በጣና ስም የተሰበሰበ ገንዘብ አደራ ነው። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለማን ደረሰ የሚለውን በአንድ ገጽ አስጽፈህ ለሕዝብ ለጥፍ። አዘጋጁ ይህን እምቢ ካለ አብረኸው አትቁም።

10. ዘፈኑ ራሱ ሥራ ይሥራ።

አጅባር ላይ የተዘፈነው ስለ ጤናና ስለ ንጽሕና ነበር። አንተም ከቁዝምና ያለፈ ነገር ዝፈን። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ውስጡ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ 15 ያህል የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። አንዳንዶቹ ክረምት ላይ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ መረብ በወንዙ አፍ ላይ የሚጠብቃቸው ያን ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት መረብ አትጣሉ የሚል ዘፈን ከአንተ አፍ ቢወጣ ዓሣ አጥማጁ ልጅ ይሰማዋል፤ የግብርና ሠራተኛው ሲነግረው አልሰማም። የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል ታንኳ ሠርተው በዚህ ውሃ ኖረዋል፤ ደንገሉ ሲመነጠርና ሐይቁ ሲጎዳ ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው፤ በዘፈን ውስጥ ግን ስማቸው አይነሣም። አንሣቸው፤ ከማንሣትህ በፊት ደግሞ ቤታቸው ሄደህ ጠይቃቸው። ክፍያም ካለ ይካፈሉ።

ከአዘጋጆቹ ጋር ማክሰኞ እንደምትገናኝ ሰምቻለሁ። ይዘህ ግባ፦ ቀኑ ለምን ያ ቀን ሆነ? ከከተማው ነዋሪ ስንቱ ቀድሞ ይገባል? ኃይሉ ከየት ነው? ሽንት ቤቱ ስንት ነው፣ ቦቴው የት ይደፋል? ሃይላንዱን ማን ይለቅማል? ሒሳቡን ማን ይጽፋል? በጥቅምት ውሃው ሲጎድል ደምቢያ ለሚነቅሉት ገበሬዎች ምን ይደርሳቸዋል? መልሳቸውን በወረቀት ተቀበል፤ ከዚያ ወደ እኔ ና፣ ውሉን ቁጭ ብለን አብረን እናንብበው።